በረዶን በራዳር መስፈር፦ የሰማዩ ግምት በምድር ሚዛን እንዴት ይታረማል?

የአየር ጠባይ ራዳር በደመና ውስጥ ያለውን ዝናብና በረዶ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ርቀት ማየት የሚችል መሣሪያ ነው። ሆኖም ያየውን ነገር መዝኖ «ይህን ያህል ሚሊ ሜትር ወረደ» ለማለት በራሱ አቅም የለውም። ለዚህ የሒሳብ ቀመር ያስፈልገዋል፤ ቀመሩም ትክክል መሆኑ የሚታወቀው መሬት ላይ በተተከሉ መለኪያዎች ሲፈተን ብቻ ነው። ይህ ራዳርን ከምድር መለኪያ ጋር የማስማማት ሥራ በሙያው ቋንቋ «ካሊብሬሽን» ይባላል፤ በአማርኛ «ልኬትን ማጣጣም» ማለት ይቻላል። ለዝናብ ቀላል ያልሆነው ይህ ሥራ ለበረዶ ይበልጥ ይከብዳል፤ ምክንያቱም በረዶ ሲሆን ራዳሩም የምድሩ መለኪያም፣ ሁለቱም በየራሳቸው መንገድ ይሳሳታሉ።

ጉዳዩ የባለሙያዎች ብቻ አይደለም። ከምሥራቅ ቱርክ ተራሮች የሚነሱት ጤግሮስና ኤፍራጥስ በጸደይ ወራት የሚሞሉት በአብዛኛው በቀለጠ በረዶ ነው። የዮርዳኖስ ወንዝ ምንጮች በሄርሞን ተራራ ላይ ከሚወርደው ዝናብና በረዶ ይመገባሉ። በሊባኖስ ቤይሩትን ከበቃዕ ሸለቆና ከደማስቆ ጋር የሚያገናኘው አውራ ጎዳና በዳህር አል በይደር መተላለፊያ ላይ በክረምት በበረዶ ምክንያት የሚዘጋበት ጊዜ አለ፤ በዚያ አገር የሚኖሩ በርካታ ኢትዮጵያውያን ሠራተኞችም ይህን ያውቁታል። በአሜሪካ የካሊፎርኒያ ግዛት ከምትጠቀምበት ውኃ 30 በመቶ ያህሉ የሚገኘው ከሲዬራ ኔቫዳ ተራሮች በረዶ ነው። በረዶው ከእውነተኛው አንሶ ከተገመተ የጎርፍ ማስጠንቀቂያ ይዘገያል፤ በልጦ ከተገመተ ደግሞ ገበሬውና ከተሜው በሌለ ውኃ ላይ ይተማመናሉ።

«በረዶ» ሲባል የትኛው ነው?

በአማርኛ «በረዶ» የሚለው ቃል ብዙ ነገር ይሸፍናል። በኢትዮጵያ በአብዛኛው የሚታወቀው በክረምት ከነጎድጓድ ጋር እንደ ጠጠር የሚወርደው ነው፤ ዐረብኛም ይህንኑ «በረድ» ይለዋል። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ግን እርሱ አይደለም። እዚህ የሚነገረው እንደ ባዘቶ እየተንሳፈፈ የሚወርደው፣ በዐረብኛ «ሰልጅ» የሚባለው፣ በቀደሙት የአማርኛ መጻሕፍት «አመዳይ» ተብሎ የሚገኘው ነጭ ብናኝ ነው።

የዚህ በረዶ መጠን በሁለት መንገድ ይነገራል። አንደኛው መሬት ላይ ተከምሮ የሚታየው ውፍረት ሲሆን ሁለተኛው በረዶው ቢቀልጥ የሚሰጠው የውኃ መጠን ነው። በተለምዶ 10 ሴንቲ ሜትር በረዶ 1 ሴንቲ ሜትር ውኃ ይሰጣል ይባላል። ነገር ግን እርጥብና ከባድ በረዶ ከሆነ 4 ወይም 5 ሴንቲ ሜትር ብቻ ለዚያው ውኃ ሊበቃ ይችላል፤ ደረቅና ለስላሳ ከሆነ ደግሞ 20 ወይም 30 ሴንቲ ሜትር ያስፈልጋል። ስለዚህ ለወንዝ፣ ለግድብና ለጎርፍ ሥሌት የሚያገለግለው የቀለጠው ውኃ መጠን ነው። ራዳርም የሚጣጣመው በእርሱ ነው።

ራዳር የሚያየው ምንድን ነው?

ራዳር አጫጭር የሬዲዮ ሞገዶችን ይልካል። ሞገዱ ጠብታ ወይም የበረዶ ቅንጣት ሲያገኝ ጥቂቱ ተንጸባርቆ ይመለሳል። የተመለሰው ኃይል መጠን «ነጸብራቅ» ይባላል፤ የሚለካውም በዲሲቤል ነው። ሞገዱ ሄዶ እስኪመለስ የወሰደው ጊዜ ርቀቱን፣ አንቴናው የዞረበት አቅጣጫ ደግሞ ቦታውን ይናገራል።

ችግሩ ያለው ነጸብራቅን ወደ ዝናብ መጠን በመለወጡ ላይ ነው። የአንድ ጠብታ ዲያሜትር በእጥፍ ቢያድግ በውስጡ ያለው ውኃ 8 እጥፍ ይሆናል፤ ወደ ራዳሩ የሚመልሰው ኃይል ግን 64 እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ጥቂት ትላልቅ ጠብታዎች ከብዙ ትናንሽ ጠብታዎች ይልቅ ራዳሩን ያደምቁታል፤ የያዙት ውኃ ግን ያነሰ ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1948 በካናዳ ማርሻልና ፓልመር የተባሉ ተመራማሪዎች የዝናብ ጠብታዎች በመጠን እንዴት እንደሚከፋፈሉ የሚገልጽ ሥራ አሳተሙ። በስማቸው የሚጠራው የነጸብራቅና የዝናብ ቀመር እስከ ዛሬ በብዙ አገሮች ያገለግላል።

በረዶ ግን እንደ ጠብታ አይደለም። አንደኛ፣ በረዶ ከፈሳሽ ውኃ ይልቅ የራዳርን ሞገድ በደካማ ሁኔታ ያንጸባርቃል፤ ተመሳሳይ ክብደት ያለው ጠብታ ከሚመልሰው ኃይል አምስት አንድ ያህሉን ብቻ ይመልሳል። ሁለተኛ፣ ቅርጹ አይገመትም። መርፌ፣ ሳህን፣ ባለ ስድስት ቅርንጫፍ ኮከብ፣ ወይም የብዙ ክሪስታሎች እቅፍ ሊሆን ይችላል። ሦስተኛ፣ የሚወርድበት ፍጥነት ዝግተኛ ነው፤ ትላልቅ የዝናብ ጠብታዎች በሰከንድ እስከ 9 ሜትር ሲወርዱ የበረዶ ቅንጣት በአብዛኛው በሰከንድ 1 ሜትር ያህል ብቻ ይወርዳል።

አንድ ቀመር ለሁሉም አገር አይበቃም

ለበረዶ በተለምዶ የሚሠራበት ቀመር በቃል ሲነገር ቀላል ነው፦ ነጸብራቁ፣ በሰዓት የሚወርደው በረዶ (በቀለጠ ሚሊ ሜትር) በራሱ ተባዝቶ፣ ውጤቱ ደግሞ በአንድ ቋሚ ቁጥር ተባዝቶ ከሚገኘው ጋር እኩል ነው። ያ ቋሚ ቁጥር «አባዥ» ይባል። የልኬት ማጣጣም ሥራ በአብዛኛው ትክክለኛውን አባዥ መፈለግ ነው።

በዚህ ረገድ በስፋት ከሚታወቁት ጥናቶች አንዱ በአሜሪካ የተካሄደው ነው። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የአገሪቱ የመሬት ማልሚያና የውኃ ሀብት ቢሮ ሁለት ተመራማሪዎች፣ ሱፐርና ሆልሮይድ፣ በዴንቨር፣ በሚኒያፖሊስ፣ በኦልባኒና በክሊቭላንድ አካባቢ ያሉ ራዳሮችን መረጃ ከምድር መለኪያዎች ጋር አነጻጸሩ። ዓላማቸው በመላ አገሪቱ የተዘረጋው፣ 160 ያህል ራዳሮች ያሉት መረብ በረዶን እንዲሰፍር የሚያስችል ዘዴ ማግኘት ነበር። በዚያ መረብ ዛሬ የሚሠራባቸው አባዦች እንደየአካባቢው ይለያያሉ፦

• ለሰሜን ምሥራቅ ግዛቶች 120
• ለከፍተኛው ሜዳ፣ ማለትም ለዴንቨር አካባቢ 130
• ለላይኛው መካከለኛ ምዕራብ፣ ማለትም ለሚኒያፖሊስ አካባቢ 180
• ለሲዬራ ኔቫዳ 222
• በምዕራብ በተራሮች መካከል ላለው ደረቅ ምድር 40

ልዩነቱ ትንሽ አይደለም። ራዳሩ 30 ዲሲቤል አነበበ እንበል፤ ይህ በቀመሩ ውስጥ 1,000 የሚል ቁጥር ነው። አባዡ 180 ከሆነ ግምቱ በሰዓት 2.4 ሚሊ ሜትር ውኃ ይሆናል፤ አባዡ 40 ከሆነ 5 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ራዳሩ ያየው ነገር አንድ ነው፤ የተነገረው መጠን ግን ከእጥፍ በላይ ይራራቃል። የ40 ቁጥር ያን ያህል ማነስ ከበረዶው ዓይነት ብቻ የመጣ አይደለም። በዚያ አካባቢ ከፍ ባለ ቦታ የተተከሉ ራዳሮች በሸለቆው ላይ የሚወርደውን በረዶ ከላይ በኩል፣ ቅንጣቶቹ ገና ትናንሽ ሳሉ ያዩታል። ስለዚህ አባዡ የራዳሩን አቀማመጥ ጉድለትም አብሮ ይሸከማል። ከአንድ አገር የተወሰደ ቁጥር በሌላ አገር እንዳለ ሊሠራበት የማይገባውም በዚህ ምክንያት ነው።

የምድሩ መለኪያስ ይታመናል?

ጎዶሎ ቁና ይዞ የሰፈረ ሰው የእህሉን ልክ አያውቅም። በበረዶ ጉዳይም የመጀመሪያው ጥያቄ ቁናው ሙሉ ነው ወይ የሚለው ነው።

ብዙ ጊዜ ለበረዶ የሚያገለግለው መለኪያ ባልዲ መሰል ዕቃን ከነይዘቱ የሚመዝን መሣሪያ ነው። በውስጡ በረዶውን የሚያቀልጥ ፀረ ውርጭ ፈሳሽና ትነትን የሚከለክል ስስ ዘይት ይደረጋል። ትልቁ ጠላቱ ነፋስ ነው። ነፋሱ ከመለኪያው አፍ ላይ ሲደርስ ወደ ላይ ይጠመዘዛል፤ ቀላሉ የበረዶ ቅንጣትም ከነፋሱ ጋር ዕቃውን ዘልሎ ያልፋል። መከለያ የሌለው መለኪያ በብርቱ ነፋስ ወቅት ከእውነተኛው በረዶ ከግማሽ በታች ብቻ ሊይዝ ይችላል። እርጥብ በረዶ ደግሞ የመለኪያውን አፍ እንደ ክዳን ይደፍነዋል፤ ኋላ ሲረግፍ ያልተመዘገበው ሁሉ በአንድ ሰዓት የወረደ ይመስላል።

የዓለም ሜትዎሮሎጂ ድርጅት ይህን ችግር ለማጥናት በተለያዩ አገሮች መለኪያዎችን ጎን ለጎን አስተክሎ አነጻጽሯል። የመጀመሪያው ታላቅ ንጽጽር በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሲካሄድ ሁለተኛው በ2010ዎቹ ተካሂዶ የመጨረሻ ዘገባው በ2018 ወጥቷል። ከንጽጽሩ ቦታዎች መካከል በኖርዌይ ሃውከሊሴተር፣ በፊንላንድ ሶዳንኪላ እና በአሜሪካ ኮሎራዶ ውስጥ የሚገኘው ማርሻል ይጠቀሳሉ። ለማመሳከሪያ የተመረጠው በሁለት የእንጨት አጥሮች የተከበበ መለኪያ ነው፤ የውጭው አጥር 12 ሜትር፣ የውስጡ 4 ሜትር ስፋት አለው። አጥሮቹ ነፋሱን ስለሚያበርዱት በረዶው በቀጥታ ወደ መለኪያው ይወርዳል። ከእነዚህ ንጽጽሮች የነፋስን ፍጥነትና የአየሩን ሙቀት ይዞ የጎደለውን መጠን የሚመልስ የማረሚያ ቀመር ተገኝቷል።

ሥራው ደረጃ በደረጃ

የልኬት ማጣጣሙ ሂደት ባጭሩ እንደሚከተለው ነው።

አስቀድሞ ራዳሩ ራሱ ይፈተሻል። በመሣሪያው ላይ የ1 ዲሲቤል ስሕተት ካለ የበረዶው ግምት በ12 በመቶ ያህል ይዛባል፤ 2 ዲሲቤል ከሆነ በ26 በመቶ። ይህ ሳይታረም ወደ አባዡ መሄድ የመሣሪያውን ሕመም በበረዶው ላይ መለጠፍ ነው።

ቀጥሎ መለኪያዎች ይመረጣሉ። ለራዳሩ ቅርብ የሆኑ፣ በዛፎች ወይም በአጥር ከነፋስ የተጠለሉና መረጃቸው ያልተቋረጠ ይመረጣሉ፤ በነፋስ የጎደለባቸው መጠን በማረሚያው ቀመር ይመለሳል።

ከዚያ የራዳሩ ንባብ ወደ መለኪያው ቦታና ሰዓት ይቀረባል። ራዳሩ በየ5 ወይም በየ10 ደቂቃው የሚያነበው እያንዳንዱ ዲሲቤል መጀመሪያ ወደ በረዶ መጠን ተለውጦ ከዚያ በኋላ ነው በሰዓት የሚደመረው። ዲሲቤሎቹን አስቀድሞ አማካይ ማድረግ ውጤቱን ያሳንሳል። ንጽጽሩ በባሕርይው ሚዛናዊ አለመሆኑም ሊዘነጋ አይገባም፤ 200 ካሬ ሴንቲ ሜትር አፍ ያለው መለኪያ ከ1 ካሬ ኪሎ ሜትር ጋር ሲነጻጸር 50 ሚሊዮን ጊዜ ያንሳል። ስለዚህ የአንድ መለኪያ የአንድ ሰዓት ንባብ አይበቃም፤ ብዙ መለኪያዎችና ብዙ የበረዶ ቀናት መደመር አለባቸው።

በመጨረሻም የሁለቱ ድምር ይነጻጸርና አባዡ ይታረማል። የታረመው አባዥ ለእርማቱ ባልዋሉ ሌሎች የበረዶ ቀናት ይፈተናል፤ በራሱ መረጃ ብቻ የተፈተነ ቀመር ሁልጊዜ ትክክል ይመስላልና።

ለማብራሪያ ያህል የሚከተለውን ምሳሌ መውሰድ ይቻላል። በአባዥ 180 የሚሠራ ራዳር በአንድ ሌሊት 8 ሚሊ ሜትር ገመተ፤ መለኪያዎቹ ግን በአማካይ 12 ሚሊ ሜትር አሳዩ። ራዳሩ በ1.5 እጥፍ አሳንሷል ማለት ነው። በቀመሩ ውስጥ የበረዶው መጠን በራሱ ስለሚባዛ አባዡ የሚካፈለው ለ1.5 ሳይሆን 1.5 በራሱ ተባዝቶ ለሚሰጠው 2.25 ነው፤ ስለዚህ 180 ወደ 80 ይወርዳል። አሁን መለኪያዎቹ በነፋስ ምክንያት ከእውነተኛው በረዶ 60 በመቶውን ብቻ ይዘው ነበር እንበል። እውነቱ 20 ሚሊ ሜትር ነበር ማለት ነው፤ አባዡም መሆን የነበረበት 29 ያህል ነው። በ80 የታረመው ራዳር ከዚያ በኋላ በየሌሊቱ 40 በመቶውን እያጎደለ ይቀጥላል፤ «ተጣጥሟል» የሚል ምስክር ወረቀት ይዞም ጭምር። የመለኪያው ጉድለት ራዳሩ በሚያየው ምድር ሁሉ ላይ የሚባዛው እንዲህ ነው።

ርቀት፣ ከፍታና ነፋስ

አባዡ ቢስተካከልም ሌሎች ችግሮች ይቀራሉ። ምድር ክብ ስለሆነች የራዳር ጨረር በራቀ ቁጥር ከመሬት ከፍ ይላል። በግማሽ ዲግሪ ወደ ላይ ያዘነበለ ጨረር በ100 ኪሎ ሜትር ርቀት 1.5 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በ200 ኪሎ ሜትር ርቀት ደግሞ ከ4 ኪሎ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ይሆናል። በረዶ የሚያወርድ ደመና ብዙ ጊዜ ዝቅተኛ ስለሆነ ጨረሩ ከበላዩ ያልፋል፤ በመሬት ላይ መንገድ የሚዘጋ በረዶ እየወረደ የራዳሩ ምስል ባዶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በርቀት መጠን የሚጨምር ማረሚያ ይታከልበታል።

በረዶው ወደ ዝናብ በሚለወጥበት ከፍታ ደግሞ ተቃራኒው ይደርሳል። መቅለጥ የጀመረ ቅንጣት ውኃ ለብሶ እንደ ትልቅ ጠብታ ስለሚያንጸባርቅ ራዳሩ ላይ «ብሩህ ቀበቶ» የሚባል ደማቅ መስመር ይታያል። ይህ ካልተለየ ቀላል ዝናብ እንደ ከባድ ዶፍ ይቆጠራል። ከ2011 እስከ 2013 በአሜሪካ ራዳሮች ላይ የተጨመረው፣ ሞገድን በአግድምም በቁምም የመላክ ችሎታ ይህን ቀበቶ ለመለየት አግዟል።

ነፋስም የራሱን ድርሻ ይወስዳል። በ1.5 ኪሎ ሜትር ከፍታ የታየ ቅንጣት በሰከንድ 1 ሜትር ሲወርድ መሬት ለመድረስ 25 ደቂቃ ይፈጅበታል። ነፋሱ በሰከንድ 10 ሜትር ከሆነ ቅንጣቱ የሚያርፈው ከታየበት ቦታ 15 ኪሎ ሜትር ርቆ ነው። በተራራማ አገር ይህ ርቀት ከአንዱ ሸለቆ ወደ ሌላው፣ ከአንዱ ግድብ ተፋሰስ ወደ ሌላው ያሻግራል።

በረዶ በሌለበት አገርም ያው ሕግ ነው

በባሕረ ሰላጤው አገሮች በረዶ ብርቅ ነው። በተባበሩት አረብ ኤምሬቶች በጀበል ጃይስ ተራራ ላይ እ.ኤ.አ. በ2009 እና በ2017 መታየቱ ትልቅ ዜና ነበር። ነገር ግን ራዳርን በምድር መለኪያ የማረም ሕግ ለዝናብም ያው ነው። በደረቅ አየር ራዳሩ ከላይ ያየው ዝናብ መሬት ሳይደርስ ተንኖ ሊጠፋ ስለሚችል ግምቱ ከእውነቱ ይበልጣል። እ.ኤ.አ. አፕሪል 16 ቀን 2024 በአል ዐይን አካባቢ በኸትም አል ሸክላ ከ24 ሰዓት ባነሰ ጊዜ 254.8 ሚሊ ሜትር ዝናብ መውረዱን የአገሪቱ ብሔራዊ የሜትዎሮሎጂ ማዕከል አስታውቋል፤ በ1949 መረጃ መሰብሰብ ከተጀመረ ወዲህ ከፍተኛው መሆኑም ተገልጿል። እንዲህ ያለ ክብረ ወሰን የሚመዘገበው በቦታው በተተከለ መለኪያ ነው፤ የራዳር ምስል ዝናቡ የት እንደ ጀመረና ወዴት እንደ ሄደ ያሳያል፤ መጠኑን የሚያጸናው ግን የምድሩ ልኬት ነው።

በኢትዮጵያም ተመሳሳይ መርሕ በሌላ መልክ ይሠራበታል። የአገሪቱ የሜትዎሮሎጂ ተቋም ከጣቢያዎች የሚሰበሰበውን የዝናብ ልኬት ከ1983 ጀምሮ ካለው የሳተላይት ግምት ጋር በማዋሐድ ጣቢያ በሌለባቸው ወረዳዎች ጭምር የዝናብ መረጃ እንዲኖር አድርጓል። ሳተላይቱ ሰፊውን ምድር ይሸፍናል፤ በየገጠሩ በየማለዳው መለኪያውን እያነበበ የሚመዘግበው ሰው ደግሞ የሳተላይቱን ስሕተት ያርማል። ያ መዝገብ ሲቋረጥ ከሰማይ የሚመጣው ግምት ማረሚያ ያጣል።

በራዳር ካርታ ለሚጠቀም ሰው

በስልክ ወይም በቴሌቪዥን የሚታየው ባለ ቀለም የራዳር ካርታ ግምት መሆኑን ማወቅ ይጠቅማል። ከራዳሩ በራቀ ተራራ ላይ ካርታው ባዶ መሆኑ መንገዱ ደረቅ ነው ማለት አይደለም። ድንገት የደመቀ ክብ መስመር ከታየም የሚቀልጥ በረዶ እንጂ ብርቱ ዝናብ ላይሆን ይችላል። በተራራማ መንገድ ለመጓዝ ወይም በሸለቆ አጠገብ ለመሥራት የሚያስብ ሰው ከካርታው ቀለም ይልቅ የሚመለከተው ባለሥልጣን የሚያወጣውን ማስጠንቀቂያ ቢከተል ይሻለዋል። ማስጠንቀቂያውን የሚያዘጋጁት ባለሙያዎች የራዳሩን ምስል ከምድር መለኪያዎች፣ ከሳተላይትና ከትንበያ ሞዴሎች ጋር አስተያይተው የሚወስኑ ናቸውና።